አራዳና እንግዶቿ

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይቆላል። ይህ በደጋም ሆነ በቆላ የኖረ የአገራችን ወግ ነው። ነገር ግን ቤት በሚጠረግበት ሰዓት ከመጋረጃ ጀርባ የሚሸሸግ ነገር መኖሩን ባለቤቱ ያውቃል። ከተማም ከዚህ የተለየች አይደለችም። አንዲት ከተማ ለእንግዳዋ ምን እንደምታሳይና ምን እንደምትሸሽግ አጥብቆ የተመለከተ ሰው የዚያችን ከተማ ታሪክ እኩሌታ አነበበ ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቀድሞ አራዳ፣ ኋላ ደግሞ ፒያሳ በተባለችው የአዲስ አበባ እምብርት ላይ ቆሞ፣ ሰፈሪቱ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ዕድሜዋ እንግዶቿን እንዴት እንደተቀበለች፣ ምን እንዳሳየቻቸውና ምን እንደደበቀቻቸው መመርመር ነው።

ለዚህ ምርመራ መነሻ የሆኑት ከካሪቢያን ባሕር፣ ከባርቤዶስ ደሴት የመጡ ሁለት ወዳጆች ናቸው። አንደኛዋ ለብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማሩ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የወንድማቸው ልጅ፣ በሙያው አናጢ ነው። ይህ ጸሐፊ ከመምህርቷ ጋር በጽሑፍ ከተዋወቀ ዓመታት ቢያልፉም በአካል የተገናኘው ግን ገና ባለፈው ዓመት ነበር። በመጀመሪያው ምሽት መምህርቷ እንዲህ ሲሉ ጠየቁት፦ «በእኛ ደሴት ወዳጅ ሲመጣ የት እንውሰደው ብለን አንጨነቅም። ወደ ባሕሩ ዳር እንወስደዋለን። ባሕሩን ማንም አልሠራውም፤ ማንም አያፈርሰውም። ባሕር የሌላችሁ እናንተ ለወዳጅ የምታሳዩት ምንድን ነው?»

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። አገራችን ለጎብኚ የምታሳየው አጥታ አታውቅም። በ1950ዎቹ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የተባለው መጠሪያ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና የጣና ገዳማት የአገሪቱ መልክ ሆነው ታወቁ። በዚህ የሰሜን ጉዞ ውስጥ ግን አዲስ አበባ እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ አንድ ሌሊት የሚያድርባት ቦታ ሆና ቀረች። አራዳማ ከነጭራሹ አትነሣም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መምህርቷ ደግሞ ሊያዩ የመጡት አራዳን ነበር። ምክንያታቸውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በጊዮርጊስ ደጅ

ወደ አራዳ የወጣንበት ቀን ወር በገባ በ23ኛው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ዕለት ነበር። ነጠላ የለበሰው ምእመን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሞልቶ እስከ አደባባዩ ፈስሷል። ጧፍ ሻጮች፣ ነዳያን፣ ጠበል ይዘው የሚመለሱ እናቶች መንገዱን ይዘዋል። ከቅጥሩ ሥር አንድ አራት የሚሆኑ አሮጊቶች ተቃቅፈው ደጋግመው ሲሳሳሙ መምህርቷ ተመልክተው፣ «ከስንት ዓመት በኋላ ቢገናኙ ነው?» አሉ። ይህ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ የሚመልሰው አልነበረውም።

ይህች 23 የምትባል ቀን በአራዳ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከዘማቹ ጋር ወደ ዓድዋ ወርዶ እንደነበር፣ ድሉም በበዓሉ ቀን እንደተገኘ ሲነገር ኖሯል። ዛሬ የሚታየው ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከድሉ በኋላ ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ በግንባታው ከተሳተፉት አንዱ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለው ጣልያናዊ መሐንዲስ ነበር። ካስታኛ በዓድዋ ተማርኮ፣ ከዚያም በአገሩ ፈንታ እዚሁ መቅረትን የመረጠ ሰው ነው። አገር ሊይዝ የመጣ ወታደር የድሉን ቤተ ክርስቲያን ሲገነባ መታየቱ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የምታደርገውን ግልበጣ ያሳያል። መምህርቷም ይህን ሲሰሙ ሳቅ ብለው፣ «እንግዲህ አራዳ የመጀመሪያ እንግዳዋን ያገኘችው በምርኮ ነው ማለት ነዋ!» አሉ።

በዚሁ ቤተ ክርስቲያን የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጭነዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚታየው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀውም በ1923ቱ ንግሥ ዋዜማ ነው። ንድፉ ካርል ሄርተል የተባለ ጀርመናዊ ሥራ ነው።

የ1923ቱ አጥር

የ1923ቱ የንግሥ በዓል ዘመናዊቷ አዲስ አበባ ለዓለም እንግዶች በሯን የከፈተችበት የመጀመሪያው ታላቅ ቀን ነበር። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከጣልያን የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ በባቡር ተጉዘው ለገሃር ወረዱ። የጋዜጣና የፊልም ሰዎች ጎረፉ። ወጣቱ እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ለዚህ ሁሉ እንግዳ ሲባል መንገድ ተጠረገ፤ የኤሌክትሪክ መብራት ተዘረጋ፤ ቅስት ቆመ። በዘመኑ የነበሩ የውጭ ጸሐፊዎች እንደመሰከሩት ደግሞ እንግዶቹ በሚያልፉባቸው መንገዶች ዳር የድሃው ሕዝብ ጎጆዎች እንዳይታዩ አጥር ታጠረ።

ይህ አጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። በዚያው ዓመት አራዳን ሊያይ የመጣ እውነተኛ ሰው ቢኖር ሊያይ የሚገባው ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ነበር። ምክንያቱም አራዳን አራዳ ያሰኛት ገበያዋ ነው። ከጊዮርጊስ በታች በተንጣለለው ሜዳ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቡና፣ እህል፣ በቅሎ፣ ሸማ በጠገራ ብር ይገበያይበታል። ነጋድራሱ ቀረጡን ይቀበላል፤ ዳኛው ይፈርዳል፤ አዋጅ ይነገራል፤ ፀጥታውን የአራዳ ዘበኛ ይጠብቃል። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ የአንዱን ቋንቋ ሌላው የተማረው፣ የአንዱን ዘፈን ሌላው ያዳመጠው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ኋላ «አራዳ» የሚለው ቃል ብልሁን፣ ዓለም የገባውን፣ የማይታለለውን ከተሜ የሚገልጽ ቅጽል ሆኖ «ፋራ» ለሚለው ተቃራኒ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የቦታ ስም የሰው ጠባይ ሆነ። ጠባዩን የፈጠረው ደግሞ ገበያተኛው ሕዝብ እንጂ ቤተ መንግሥቱ አልነበረም።

መምህርቷ ወደ አራዳ የመጡበት ምክንያትም ከዚሁ ከ1923 ዓ.ም. ጋር የተያያዘ ነው። የባርቤዶስ ተወላጅ የነበረው ሙዚቀኛው አርኖልድ ጆሲያ ፎርድ በኒውዮርክ በማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ውስጥ የሙዚቃ መሪ ነበር። የዚያ ማኅበር መዝሙር ኢትዮጵያን «የአባቶቻችን ምድር» ብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ከደራሲዎቹ አንዱ ፎርድ ነው። መዝሙር ጽፎ ብቻ አልቀረም። በንግሡ ዓመት ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር አዲስ አበባ ገባ። ተከትላው የመጣችውና በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ሚኞን ኢኒስ እንዲሁ የባርቤዶስ ልጅ ነበረች። ፎርድ የጣልያን ወረራ በደረሰበት ዓመት፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ ሚኞን ሁለት ሕፃናት ይዛ የወረራውን አምስት ዓመት እዚሁ ከተማ አሳለፈች። ከነፃነት በኋላም አገር ለቅቃ አልሄደችም። የልዕልት ዘነበ ወርቅን ትምህርት ቤት አቋቁማ የኢትዮጵያን ልጆች አስተማረች። መምህርቷ በልጅነታቸው የሰሙት የሴትዮዋን ታሪክ ነበርና «ከእኛ ባሕር ዳር ተነሥታ እዚህ ተራራ ላይ የቀረችው ምን አይታ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልክ አብሯቸው ኖሯል።

ከፎርድ በፊትም ከዚያ ባሕር የመጣ እንግዳ ነበር። የሄይቲ ተወላጅ የሆነው ቤኒቶ ሲልቫን በ1897 እ.ኤ.አ.፣ የዓድዋ ድል ወሬ ገና ትኩስ ሳለ፣ አዲስ አበባ ደርሶ በዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀርቧል። ባርነትን በገዛ ክንዷ የጣለችው ሄይቲና ቅኝ ገዢን በዓድዋ የመለሰችው ኢትዮጵያ በዚህ ሰው አማካይነት ተጨባበጡ ማለት ይቻላል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት እንግዶች አሉ። አንደኛው ሊታይለት የተጠረገውን መንገድ አይቶ የሚመለስ ነው። ሁለተኛው ከአጥሩ ጀርባ ገብቶ የሚቀር ነው።

የሆቴሉ ሰገነትና የአናጢው ዓይን

ከአደባባዩ ወርደን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ትልቅ ሕንፃ አልፈን፣ ወደ ጣይቱ ሆቴል አመራን። ሆቴሉ በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ከዚያ በፊት መንገደኛ የሚያድረው በዘመድ ቤት ወይም «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በለመነው ሰው ጓዳ ነበር። ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ሆቴል መክፈት ቀላል ነገር አልነበረም። ሕዝቡ መጀመሪያ ፈርቶ እንደነበረ፣ ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በመብላትና ሒሳብ በመክፈል እንዳለማመዱት ሲነገር ኖሯል። ነገሩ ተረት ቢሆን እንኳ የያዘው እውነት አለው። እንግዳ መቀበል ከወግ ወደ ሙያ የተሻገረበት ደጃፍ ይህ ነው።

አናጢው ወጣት ከሁላችንም በላይ የተመሰጠው እዚህ ላይ ነበር። የሰገነቱን እንጨት በእጁ እየዳሰሰ፣ የደረጃውን መጋጠሚያ እየመረመረ ብዙ ቆየ። የአራዳ አሮጌ ቤቶች የብዙ ሕዝቦች እጅ ያረፈባቸው ናቸው። ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ከራሳቸው አገር ያመጡት የሰገነትና የመስኮት አሠራር ከአገር ልጅ የጭቃና የእንጨት ጥበብ ጋር ተዋሕዶ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር አንድ አዲስ ዓይነት ቤት ወልዷል። ከሕንድ የመጣው የመሐመድ አሊ ኩባንያ መደብር፣ የነጋዴው የኬቮርኮፍ ሕንፃ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ሁሉም በዚህች ጠባብ ሰፈር የተጎራበቱ ነበሩ። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ማለትም «አርባ ልጆች» የተባሉት የናስ ሙዚቀኞች ሲደርሱ፣ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ አዘጋጀ። ከጭፍጨፋ የተረፉ የሌላ አገር ልጆች የእኛን መዝሙር ሲነፉ በ1923ቱ ንግሥ ላይ ተሰሙ። በሙያ ረገድ አራዳ እንግዳን የምትቀበለው እንዲህ ሥራ ሰጥታ ነበር።

ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር ይህ ጸሐፊ ሲነግራቸው አናጢው ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለ፦ «እንጨት ይቃጠላል፤ መተካት ይቻላል። የማይተካው መጋጠሚያውን የሚያውቀው እጅ ነው። ይህን አሁንም የሚሠራ ሰው አላችሁ?» መልሱን እናውቃለን የምንል ብንሆን ኖሮ ብዙ አሮጌ ቤቶች ዛሬም በቆሙ ነበር።

ሐውልት ሲነሣ

በወረራው ዓመታት የአራዳ ስምም ሥራም ተለወጠ። ጣልያን ገበያውን ከጊዮርጊስ ሥር ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። ዓላማው ነጩን ከጥቁሩ፣ ገዢውን ከተገዢው በሰፈር መለየት ነበር። ገበያ ለነበረው ቦታ አደባባይ ማለት የሆነው «ፒያሳ» የሚለው የጣልያንኛ ስም ተሰጠው። የምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሥቶ ተቀበረ። የጳጳሱ የአቡነ ጴጥሮስ ደም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፈሰሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በሕዝቡ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ አራዳንም አላለፋትም። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ጋየ። ሐውልቱ ከነፃነት በኋላ ወደ መቆሚያው ተመለሰ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ይታያሉ።

መምህርቷ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን አገር ታሪክ አነሡ። በብሪጅታውን ከተማ መካከል ከ1813 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዛዊው የባሕር ኃይል አዛዥ የኔልሰን ሐውልት ቆሞ ነበር። ሕዝቡ በነፃነቱ ማግሥት ለብዙ ዓመታት ከተከራከረበት በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሐውልቱን አነሣው። በዓመቱ ደሴቲቱ ከእንግሊዝ ዘውድ ተላቅቃ ሪፐብሊክ ሆነች። «እንግዲህ ማፍረስ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ማቆም ሁሉ ደግ አይደለም» አሉ መምህርቷ። «ጥያቄው ማን አነሣው፣ ከማን ጋር ተማክሮ አነሣው ነው። የእናንተን ሐውልት ያነሣው ወራሪ ነው፤ መለሳችሁት። የእኛን ያነሣነው ራሳችን ነን፤ አልመለስነውም።»

ይህ ንግግር የጠራ ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው በወረራው ዋዜማ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ለምን ሊሞት እንዳልቻለ ይገባናል። ማኅበሩ የተቋቋመው ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በጭውውት ለመከላከል ለማንቃት ነበር። ወራሪው ሲወጣ ዳግመኛ ተነሥቶ ቴአትር ሆነ። ጥላሁን ገሠሠና አስናቀች ወርቁን የመሰሉ የኪነት ሰዎች መድረኩን ረግጠዋል። የፒያሳ ስም በባዕድ ቢወጣም፣ በስሙ ውስጥ ያለውን ሕይወት የሞላው ሕዝቡ ነው። ሲኒማው፣ ወርቅ ቤቱ፣ ቡና መፍያው፣ ኬክ ቤቱ፣ ሙዚቃ ቤቱ ሁሉ የዚህ ምስክር ነው። ፒያሳ ከአራዳ ጋር ታረቀች እንጂ አላጠፋቻትም።

ተነቃይ ቤት

ከሰዓት በኋላ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድን። ወይም ዶሮ ማነቂያ ወደ ነበረበት ቦታ ወረድን ማለት ይሻላል። ይህ ጸሐፊ መንገዱን እመራለሁ ብሎ ቀድሞ የሚያውቀውን መታጠፊያ ፈልጎ አጣ። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ታላቁ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ከተመረቀ በኋላ፣ በዚያው ወርና በመጋቢት የተጀመረው የከተማ ማደስ ሥራ ዶሮ ማነቂያንና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ መንደሮችን አንሥቷል። ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ መብራት፣ አበባ ተተክሏል። ነዋሪው በአብዛኛው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ዶሮ ማነቂያ ገነት አልነበረችም። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ይጋራ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ቆርቆሮው ያፈስሳል፤ ጭቃው ግድግዳ ይረግፋል። የአራዳ ሰፈሮች ስሞች ራሳቸው የችግር መዝገብ ናቸው። «እሪ በከንቱ» ማለት ጩኸቱን የሚሰማለት ያጣ ሰው ማለት ነው። ደጃች ውቤ በረሃ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ እንደተሣለው ደስታና መከራ በአንድ አልጋ የሚያድሩበት ሰፈር ነበር። ይህን ሁሉ ናፍቆት ሸፍኖት «የድሮው ይሻል ነበር» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። በአዲሱ ቤት ቧንቧና መጸዳጃ አግኝቶ የተደሰተ ሰው መኖሩም የታወቀ ነው።

ነገር ግን አናጢው የተናገረው ነገር ጉዳዩን በሌላ ብርሃን አሳየን። በባርቤዶስ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ባርነት ከተሻረ በኋላም መሬት አልነበራቸውም። ቤታቸውን የሚሠሩት በባለ እርሻው መሬት ላይ ነው። ባለ መሬቱ ሲያባርራቸው ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ አንድ ጥበብ ፈጠሩ። ቤቱን ከሳንቃ ሠርተው በድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል፤ መሠረት አይቆፍሩለትም። ውጡ በተባሉ ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ሳንቃውን ይፈታል፤ በጋሪ ይጫናል፤ በሌላ ቦታ ይተከላል። የአናጢው አያት በእንዲህ ያለ ቤት ተወልደው፣ በዚያው ቤት በሌላ መንደር ሞቱ። ዛሬ እነዚህ የሳንቃ ቤቶች ቀለም ተቀብተው የደሴቲቱ መለያ ሆነው ለጎብኚ ይታያሉ። «የድሃ መላ የነበረው አሁን የአገር ጌጥ ሆነ» አለ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጥንት ነገሥታት ከተሞችም ተነቃይ ነበሩ። ማገዶ ሲያልቅ፣ ጦር ሲነሣ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ከተማው በሙሉ ይሄዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አጠገብ ከተቆረቆረች በኋላ እንኳ ማገዶ በማጣት ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዪቱን በቦታዋ ያጸናት ባሕር ማዶ ተሻግሮ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በተነቃዩ ከተማ ዘመን ግን ነገሩ አንድ ሥርዓት ነበረው። ድንኳኑ ቢነሣም ሰፈሩ አይበተንም። ቀኝ የሰፈረ በአዲሱም ቦታ ቀኝ ይሰፍራል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ አይለይም።

የዶሮ ማነቂያ ሰው አብዛኛው በቀበሌ ቤት ይኖር ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት በሆነበት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ምክንያት ኪራዩ ቀላል ሆኖለት፣ ልጅ ወልዶ፣ ልጁም ልጅ ወልዶ በዚያው ቤት ኖረ። መሬቱም ቤቱም የእርሱ አልነበረም። የእርሱ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ዕቁቡ፣ ቡናው፣ ልጅ የሚጠብቀው የጎረቤት ዓይን የድሃው ሀብት ይህ ነው። የባርቤዶስ ሠራተኛ ሳንቃውን ጭኖ ሄደ። የዶሮ ማነቂያ ሰው ምን ጭኖ ሄደ?

የተሳሳሙት እናቶች

መልሱን ያገኘነው ሳናስበው ነው። ቀኑ ሲመሽ ወደ ጊዮርጊስ ደጅ ስንመለስ ጧት ሲሳሳሙ ያየናቸው አሮጊቶች ከቅጥሩ ሥር ተቀምጠው ዳቦ ሲቆራርሱ አገኘናቸው። ይህ ጸሐፊ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ እንደምን ዋላችሁ? እነዚህ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ናቸው። ጧት ስትሳሳሙ አይተው ከስንት ዓመት በኋላ ተገናኙ ብለው ጠየቁ» አላቸው።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሣቁና፣ «የምን ዓመት! ባለፈው 23 ተገናኝተናል» አሉ። «አንድ ግቢ ነበርን፤ አርባ ዓመት። አሁን እኔ በአንድ ዳር፣ እሷ በሌላው ዳር ነን። ሦስት ታክሲ ነው። እድራችን ግን አልፈረሰም ልጄ፤ በየ23ቱ ጊዮርጊስ ደጅ ነው የምንሰበሰበው። እግራችን እስኪከዳን ነው እንግዲህ። ይኼው ዳቦ፤ ለእንግዶቹ ስጣቸው።»

ይህ ጸሐፊ የተባለውን ሲተረጉምላቸው መምህርቷ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ለጥቂት ጊዜ አልተናገሩም። ቀጥለውም፣ «አሁን ሚኞን ፎርድ ምን አይታ እንደቀረች ገባኝ» አሉ።

መደምደሚያ

ባሕር ለሌለው አገር ለወዳጅ የሚታየው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ መልስ አገኘ። ሐውልቱና ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሆቴሉና ቴአትሩ፣ አዲሱም መታሰቢያ ለእንግዳ መታየት የሚገባቸው የአገር ሀብት ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም የቆሙት ዙሪያቸውን በኖረው ሕዝብ ላይ ነው። በ1923 ዓ.ም. ያ ሕዝብ ከአጥር ጀርባ ተደብቆ ነበር። አጥሩ ግን ከንግሡ በኋላ ይነሣል፤ ጎጆውም ባለቤቱም በቦታው ይገኛሉ። ዛሬ ያለው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። የተበተነ ጎረቤት አጥር ሲነሣ ተመልሶ አይታይም።

ስለዚህ ከተማ በምትታደስበት ጊዜ ቤትን ብቻ ሳይሆን ጉርብትናን መቁጠር፣ አንድ ግቢ የኖሩትን በአዲሱም ቦታ አንድ ደረጃ ላይ ማስፈር የማይቻል ሥራ አይደለም። የጥንቱ የጦር ሰፈር ያውቀው ነበር፤ የባርቤዶስ ድሃ ሠራተኛም በጋሪው ላይ ጭኖ ሠርቶታል። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ የሰፈር ስሞችን ታሪክ ከአዛውንቶች አፍ ቢመዘግብ፣ ሠዓሊው የቀሩትን ሰገነቶች ቢሥል፣ አናጢው የመጋጠሚያውን ጥበብ ለወጣት ቢያስተላልፍ፣ ሥልጣን ያለው ሁሉ ከመንቀሉ በፊት ነዋሪውን ቢጠይቅ፣ የሚድነው የአሮጌ እንጨት ክምር ሳይሆን አራዳን አራዳ ያደረጋት ጠባይ ነው።

እንግዶቹ ወደ ደሴታቸው ተመልሰዋል። በየወሩ በ23 ግን አራቱ እናቶች፣ ሦስት ታክሲ ተሳፍረው፣ ከጊዮርጊስ ቅጥር ሥር ይገናኛሉ። አራዳን ማየት የሚሻ እንግዳ ቢመጣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ስፍራ ያገኛታል። እግራቸው የከዳቸው ቀን ግን ለእንግዳችን ምን እናሳየው ይሆን?